ከብረቱ በፊት መንገዱ

«ብረቱ ይሁንልሽ ወይስ ከእንስሳ የሚሠራው? ከቤተሰብሽ ጋር ተማከሪና ትነግሪናለሽ» አለኝ ሐኪሙ። በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ወደ ጋይንት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ይመርጣል፤ ዘር ይመርጣል፣ ሥራ ይመርጣል፣ ትዳር ይመርጣል። በ29 ዓመቴ የልብሽን በር ምረጪ እባላለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብሁትም።

ተወልጄ ያደግሁት ስማዳ ነው። ታሪክ የማስተምረው ደግሞ ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ። የታሪክ መምህር ነገር ሲከብደው የሚያውቀው ዘዴ አንድ ነው፤ «ይኼ ነገር ከየት መጣ?» ብሎ ወደ ኋላ መሄድ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሁለቱ በሮች የት ተሠሩ? ለማን ተብለው ተሠሩ? እኛ ዘንድስ ሲደርሱ ምን ይገጥማቸዋል? የምጽፈው ምክር አይደለም። ለእኔ የሚስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል፤ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ።

ከጉሮሮ የጀመረ

በሽታዬ የጀመረው ከልብ አይደለም፤ ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የልጅን ቶንሲል ያቆስላል። ሰውነት ሊከላከል ሠራዊቱን ይልካል። ባክቴሪያው ግን በአንዳንድ ነገሩ የልባችንን ሥጋ ስለሚመስል፣ ሠራዊቱ ወዳጅን ከጠላት መለየት ያቅተውና የራሱን ቤት ይወጋል። የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይህ ነው። ጉልበት ያብጣል፣ ክርን ያብጣል፣ በሳምንታት ውስጥም ይሽራል። ልብ ላይ ያረፈው ጠባሳ ግን ይቀራል። አንድ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሐኪም በሽታው መጋጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል ማለቱ ለዚህ ነው።

እኛ ዘንድ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና እንጥል ቆራጭ ይጠራል። እኔም በስድስት ዓመቴ ተቆርጫለሁ። እናቴን አልወቅሳትም። እሷም ያደረገችው ከእናቷ ያየችውን ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር። ግን እንጥል ተቆረጠም አልተቆረጠም ባክቴሪያው ያለው ቶንሲሉ ላይ ነው፤ የሚገድለውም ፔኒሲሊን ነው። በ11 ዓመቴ ጉልበቴ አብጦ ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረሁ። «ብርድ መታት» ተባለ። በጋይንትና በስማዳ ደጋ ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም።

ከዚያ ዝም አለ። የተመለሰው በ23 ዓመቴ ልጄን ሳረግዝ ነው። እርግዝና በሰውነት ውስጥ ያለውን ደም ያበዛል፤ በሩ የጠበበ ልብ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ከገበያ እስከ ቤቴ ያለችውን አቀበት ሦስቴ ሳላርፍ አልወጣትም ነበር። ከወለድሁ በኋላም አልተወኝም፤ ሌሊት ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ አድር ጀመር። ደብረ ታቦር ላይ ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ባሕር ዳር በልብ አልትራሳውንድ፣ «ኢኮ» በሚሉት፣ ሲታይ ነገሩ ለየ። ሚትራል የተባለው በር ወፍሯል፣ ጠርዝና ጠርዙ ተጣብቋል፣ በዚያ ላይ ያፈሳል።

ሚትራል በግራው የልብ ክፍል፣ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለ ባለ ሁለት ክንፍ በር ነው። ስሙ የተወሰደው ከምዕራብ ጳጳሳት ባለ ሁለት ጫፍ ቆብ ነው። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሩ ተጣብቆ መጥበቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደረት ሳይከፈት በፊኛ ማስፋት ይቻል ነበር፤ ጃፓናዊው ሐኪም ካንጂ ኢኖዌ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ዘዴ ነው። ብዙ የሚያፈስ በር ላይ ግን ፊኛ ያብሳል እንጂ አያድንም። ጥገናም አለ፤ ክንፉን ቆርጦና ሰፍቶ ማስተካከል። ቀዶ ሐኪሙ ከከፈተ በኋላ የሚጠገን ከሆነ እንደሚሞክር ነግሮኛል። «አንቺ ግን ለመቀየር ተዘጋጂ» አለኝ። ምርጫው የመጣው እንዲህ ነው።

ብረት የምንለው

የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ በር ሰው ሰውነት ውስጥ ያስገባው አሜሪካዊው ቻርልስ ሃፍናግል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952። ልብን ከፍቶ መሥራት ገና ስለማይቻል በሩን ያስቀመጠው ልብ ውስጥ ሳይሆን ወደ ታች በሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጆን ጊበን የልብንና የሳንባን ሥራ ለጊዜው የሚተካ ማሽን በሰው ላይ ተጠቅሞ ተሳካለት። ከዚያ በኋላ ልብን አቁሞ፣ ከፍቶ፣ ሠርቶ መዝጋት የሚታሰብ ነገር ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1958 ሎዌል ኤድዋርድስ የሚባል ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ኦሪገን ውስጥ ወደ አንድ ወጣት ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ሰው ሠራሽ ልብ እንሥራ አለው። ወጣቱ አልበርት ስታር ልቡን ተወውና ከበሩ እንጀምር አለ። በ1960 ሚትራልን በሠሩት በር ቀየሩ። በሩ ቀፎ ውስጥ ያለች ኳስ ነበር፤ ደም ሲገፋት ትሸሻለች፣ ሊመለስ ሲል ተመልሳ ትዘጋለች። ቀጥሎ የሚያጋድል ክዳን ያለው ዓይነት መጣ። ከእነዚያ አንዱ ሞዴል ማቀፊያው እየተሰበረ ሰው ስለገደለ በ1980ዎቹ ከገበያ ወጥቷል። በ1977 ዛሬም በብዛት የሚገባው ባለ ሁለት ክንፍ በር ተተከለ። እኛ «ብረት» እንለዋለን እንጂ ክንፎቹ የተለየ የካርቦን ዓይነት ናቸው፤ ካርቦኑ መጀመሪያ የተሠራው ለኑክሌር ነዳጅ ሽፋን ነበር። አያረጅም። ሌሊት ጸጥ ሲል «ቀጭ፣ ቀጭ» ሲል ይሰማል ይላሉ የተተከለላቸው ሰዎች፤ ግድግዳ ላይ እንዳለ ሰዓት።

ታዲያ ምን ጎደለው? ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ይረጋል። የረጋው ደም በሩን ሊያጣብቅ፣ ወይም ተነሥቶ አንጎል ውስጥ ሊወተፍ ይችላል። ስለዚህ ብረት የተተከለለት ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ ይውጣል።

የዋርፋሪን ታሪክ የገበሬ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ከብቶች የሻገተ ድርቆሽ እየበሉ ደማቸው አልቆም እያለ ያልቁ ነበር። በየካቲት 1933 አንድ የዊስኮንሰን ገበሬ የሞተች ጊደሩንና የማይረጋ ደም የሞላበት የወተት ዕቃ ጭኖ በበረዶ ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ኬሚስቱ ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ ዓመታት ለፍተው ደሙን የሚያቀጥነውን ነገር ከድርቆሹ ለዩት። የእሱ ዝርያ የሆነው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ወጣ፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የሰው መድኃኒት ሆነ። ክኒኑን ባየሁ ቁጥር ያ ገበሬ ትዝ ይለኛል። እሱም መልስ ያገኘው መንገድ ሄዶ ነው።

ዋርፋሪን ልክ አለው። ቢያንስ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ደም ይፈሳል። ልኩ የሚታወቀው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ለሚትራል ብረት ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። መጀመሪያ በየጥቂት ቀኑ፣ ሲረጋጋም ቢያንስ በየወሩ ይለካል። ምግብም ይገባበታል። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ የዋርፋሪንን ጉልበት ይሰብራል። ጎመን አይከለከልም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው የሚፈለገው። የእኛ ገበታ ደግሞ በጾምና በፍስክ የሚገለባበጥ ነው። በሁዳዴ ጎመን የሚደጋግም ቤት ለፋሲካ ወደ ሥጋና ቅቤ ሲዞር ቁጥሩም አብሮት ይዞራል።

ሌላም አለ። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንስን ሊያበላሽ ይችላል። በመርፌ በሚሰጥ ሌላ መድኃኒት መተካት ይቻላል፤ ግን ለበሩ ጥበቃው ስለሚሳሳ ጭንቀቱ ወደ እናቲቱ ይዞራል። ምርመራ የማይጠይቁ አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች መጥተው የለም ወይ? መጥተዋል። ከእነሱ አንዱ በብረት በር ላይ ሲሞከር ጉዳቱ ስላመዘነ ሙከራው ተቋርጧል፤ ውጤቱም በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለብረት ዛሬም ያለው ዋርፋሪን ነው።

በርሽ ከበሬ

ሁለተኛው በር ከእንስሳ የሚሠራው ነው። የፈረንሳይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1965 የአሳማ የልብ በር ለሰው ተከሉ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ይበላሽ ነበር። አላን ካርፓንትየ በሩን ግሉታራልዲሃይድ በተባለ ኬሚካል መንከር ጀመረና ዕድሜው ረዘመ። ይህ ኬሚካል ቆዳ ለማልፋትም ያገለግላል። ቆዳ ሲለፋ ላየ የአገሬ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ጥሬ ሥጋ ይበሰብሳል፣ የለፋ ቆዳ ይቆያል። በ1971 ደግሞ ማሪያን ዮኔስኩ እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ የከብትን የልብ ሽፋን ቆርጦ በር ሠራበት።

ይህን ለእናቴ ሳስረዳት «አሳማ» የሚለው ላይ ስትደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ልጄ፣ እሱን ይዘሽ እንዴት ትቆርቢያለሽ?»

የንስሐ አባቴ ዘንድ አብረን ሄድን። አባ ብዙ አላስጨነቁንም። «መብል ሌላ፣ መድኃኒት ሌላ ነው፤ ልጄ፣ ይህ በአፍ የሚገባ አይደለም» አሉ። ቢሆንም እናቴ ልቧ እንዲያርፍ ከከብት የሚሠራም እንዳለ ነገርኋት። ያን ጊዜ ሳቀች።

«እንግዲያው በርሽ ከበሬ ሊሠራ ነዋ!»

ከብዙ ሳምንት በኋላ ቤታችን ውስጥ የተሳቀው ያን ቀን ነው።

የእንስሳው በር ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም። የልብ ምት ያልተዛባበት ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያህል ብቻ ይወስድና ያቆማል። ችግሩ ማርጀቱ ነው። ካልሲየም እየያዘው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በአረጋዊ ላይ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በወጣት ላይ ግን ቶሎ ያረጃል፤ ልጅነት በበዛ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ያኔ ደረት እንደገና ይከፈታል። ስለዚህ የአውሮፓና የአሜሪካ መመሪያዎች ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው ባብዛኛው ብረቱን፣ 70 ለተጠጋው የእንስሳውን ይመክራሉ።

በመመሪያው እኔ የብረት ነኝ። ግን መመሪያው የተጻፈው ላቦራቶሪ ለቅርቡ ለሆነ ሰው ነው። የበሮቹን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር የገባኝ ይህ ነው። ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወዴት እንደሚመለስ የጠየቀ አላገኘሁም፤ የሚመለስበት አስፋልት እንደሆነ ታስቦ ነው።

ስለ እኛ የተቆጠረ ነገርም አለ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ12 የአፍሪካ አገሮች፣ በሕንድና በየመን የተካሄደ የሩማቲክ ልብ ሕሙማን ምዝገባ ነበር። 3,343 ሰዎች ተመዘገቡ። መካከለኛ ዕድሜያቸው 28 ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። የደም ማቅጠኛ ታዝዞላቸው ከነበሩት ውስጥ ቁጥራቸው ልኩ ላይ የተገኘው 28 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ዕድሜውን፣ ጾታውን ሳይ ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ከብረት ጋር ወደ ስማዳና ጋይንት ብመለስ ከ28ቱ እሆናለሁ ወይስ ከ72ቱ?

አዲስ አበባ የሚያደርስ መንገድ

አገራችን ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት መሠረቱ። ለረዥም ጊዜ ዋናው ተስፋ ወደ ውጭ መላክ ነበር። እስራኤል ውስጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የሕፃናት ልብ አድን ድርጅት መጀመሪያ ካከማቸው ልጆች መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሕንድም ብዙዎችን ተቀብላለች። በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። መጀመሪያ ሥራው ከውጭ በሚመጡ ቡድኖች ላይ የቆመ ነበር፤ በኋላ የአገር ልጆች ሠልጥነው ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ወረፋው ግን ዛሬም በሺዎች ይቆጠራል።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ዕድሜ ልክ ነው፤ የሚኖረውም ወገዳ፣ አርብ ገበያ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ነፋስ መውጫ ነው። እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው አንድ ታሪክ መጣብኝ።

አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን አንጥረኞች ሴባስቶፖልን አሠሩ። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ነው። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥ፣ በዋድላና ደላንታ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ በመኪና አንድ ቀን የማይፈጀው ወራት የፈጀው ብረቱ ስለከበደ ብቻ አይደለም። መንገድ ስላልነበረ ነው። ንጉሡ ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ ገደል እያስናዱ፣ እሳቸውም በእጃቸው እየሠሩ፣ አስቀድመው መንገዱን አወጡ፤ ብረቱ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ለራሴ የሚሆን ትምህርት እንዳለበት ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው።

በዚያው አቅጣጫ ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ዛሬ ከወረታ ወልዲያ ይሄዳል፤ ነፋስ መውጫም ጉያው ላይ ናት። ነገር ግን መንገድ ማለት አስፋልት ብቻ አይደለም። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መኪና የማይንቀሳቀስባቸው ሳምንታት አሉ። ጨው ቢጠፋ ጎረቤት ያበድራል፤ ዋርፋሪን ማን ያበድራል? ደሜ 2 ይሁን 5 ማን ይነግረኛል?

የመረጥሁት

አዲስ አበባ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ የእስቴ ልጅ አግኝቼ ነበር። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ በሽታችንም አንድ። እሱ ብረቱን መርጧል። «እኔ ባሕር ዳር ነው የምነግድ፤ ምርመራው ደጃፌ ነው። ደረቴን ሁለተኛ አላስከፍትም» አለኝ። ልክ ነው። እኔም እሱን ብሆን ያንኑ እመርጥ ነበር።

እኔ የእንስሳውን መርጫለሁ። የልቤ ምት ገና አልተዛባም፤ ቢዛባ ኖሮ ዋርፋሪኑ ስለማይቀርልኝ ይህ ምርጫ ትርጉሙን ያጣ ነበር። ሐኪሜ ሲፈቅድ ሁለተኛ ልጅ እፈልጋለሁ። ሦስተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ዋጋውን አውቀዋለሁ። ዓሥር ዓመት ቢሰጠኝ ልጄ 16 ትሆናለች፤ ያኔ ዳግመኛ ወረፋ እይዛለሁ፣ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናም ከመጀመሪያው ይከብዳል። ያን ጊዜ ብረቱን የምመርጥበት መንገድ ይኖር ይሆናል። ሐኪሙ ሰምቶኝ ብዙ ጠየቀኝና «ይሁን፣ እያወቅሽ ነው» አለ።

አሁን ዝግጅት ላይ ነኝ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሁለት የተበላ መንጋጋ አስነቀልሁ፤ ከጥርስ የሚነሣ ባክቴሪያ አዲሱ በር ላይ ካረፈ ሌላ መከራ ነውና። በየአራት ሳምንቱ የምወጋው ፔኒሲሊን ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል፤ የተቀየረው በሩ ነው እንጂ ጉሮሮዬ ያው ነው። ደም የሚሰጡ ዘመዶች ተገኝተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት የዋርፋሪን ወራት አዲስ አበባ አክስቴ ቤት እቆያለሁ። ባለቤቴ ልጃችንን ይጠብቃል፤ እናቴም ከስማዳ መጥታለች።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ኅብረት ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት የአዲስ አበባ መግለጫ የተባለውን ተቀብሏል። ስለ በር አመራረጥ ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ የማምነው ነገር ቢኖር፣ ከሁለቱም በር የሚሻለው ጤና ጣቢያ በቅርብ ኖሮ በጊዜ የተወጋ ፔኒሲሊን መሆኑን ነው። እሱም ቢሆን መንገድ ይፈልጋል፤ ግን አጭር መንገድ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ገብታ «ጉሮሮዬን» አለች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንጥል የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና የልጅቷን እጅ ያዘች።

«ነይ እንሂድ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ።»